እድር ለሟች ብቻ ሳይሆን ለቀሪም

ሰው ብቻውን አይኖርም። አዝመራ ሲደርስበት ወንፈል ይጣራል። ቤት ሲሠራ ደቦ ይወጣለታል። ሲሞት ደግሞ እድር ይቀብረዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ይህንኑ ማለታቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለ እድር ነው። እድር የቀብር ማኅበር ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን አሠራራቸውን ለውጠው ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች፣ ወጣቶችንና የተቸገሩ ቤተሰቦችን መርዳት የጀመሩ እድሮች አሉ። ለመሆኑ አንድ እድር እንዴት ይለወጣል? ደንቡስ፣ ገንዘቡስ፣ ኃላፊውስ ምን መሆን አለበት? አንድ በአንድ እንመልከት።

እድር ምንድን ነው?

እድር ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚያቋቁሙት የመረዳጃ ማኅበር ነው። ለትርፍ አይሠራም። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። አባላቱ በየጊዜው መዋጮ ያዋጣሉ። በወሎ ቅሬ፣ በሐረር አፎሻ የሚባሉት ማኅበራትም የዚሁ ወገን ናቸው።

እድር በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነበር። ቢሞት ማን ይቀብረው? ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ የአገር ልጅ ከአገሩ ልጅ ጋር ሆኖ እድር አቋቋመ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። እድር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ችግር መጣ፤ ሰዎች መከሩ፤ ማኅበር አበጁ። ሰው ያበጀውን ማኅበር ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

እስቲ እናስብ። አንድ የሦስት ልጆች አባት ሞተ እንበል። እናትየው ቀደም ብላ አርፋለች። ጥሩምባ ተነፋ። አገሩ ወጣ። አስከሬኑ በክብር ተቀበረ። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ተስተናገደ። ሠልስቱ ወጣ። ድንኳኑ ተነቀለ። አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው ተቆጥሮ ወደ ዕቃ ቤት ገባ።

እድሩ አንድ ብርጭቆ ቢጎድል «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱ ልጆችስ የት እንደ ደረሱ ማን ጠየቀ?

ትልቋ ልጅ ታናናሾቿን ማብላት አለባትና ከትምህርት ቤት ትቀራለች። መካከለኛው ለእረኝነት ይቀጠራል። ትንሹን አንድ ዘመድ ይወስደዋል። መሬቱን ደግሞ ሌላው ዘመድ «ላርስላቸው» ብሎ ይይዘዋል። በዓመቱ የአባታቸው ቤት ይዘጋል። አባትየው ዓመታት ሙሉ መዋጮ ሲከፍል ኖሯል። ታዲያ የከፈለው ለሬሳው ብቻ ነበር እንዴ?

ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ የሚቀር አይደለም። ዛሬ የእገሌ ልጆች፣ ነገ ደግሞ የእኛ ልጆች ናቸው። ሞት ተራ አይጠብቅም።

እድሮችን ለለውጥ ያነሣሣቸው ምንድን ነው?

በአገራችን ኤች አይ ቪ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በሽታው በተለይ በከተሞች ተስፋፋ። በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ያሉ እድሮች ቀብር በዛባቸው። የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ሠርቶ የሚያበላው ሰው ነበር። ስለዚህ መዋጮ ከፋዩ ሲቀንስ ወጪው ጨመረ። ሣጥኑ መራቆት ጀመረ። ወላጅ ያጡ ልጆችም በየቤቱ በዙ።

በዚህ ጊዜ አባላቱ መከሩ። «ሰው ሲሞት ገንዘብ ከምናወጣ፣ በሕይወት ሳለ ብንረዳው አይሻልም ወይ?» ተባባሉ። ደንባቸውን ያሻሻሉ እድሮች ሕሙማንን በየቤታቸው የሚጠይቁና የሚያስታምሙ ሰዎች መደቡ። ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ደብተርና ልብስ ገዙ። አንዳንዶቹም አንዱ እድር ብቻውን የማይችለውን ለመሥራት ከሌሎች እድሮች ጋር ኅብረት ፈጠሩ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር የሚሞተው ሰው እየቀነሰ መጣ። ትምህርቱ ግን አልቀረም። ልጅን ወላጅ አልባ የሚያደርገው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ሌላ በሽታ አለ፤ አደጋ አለ፤ ጦርነት አለ፤ በወሊድ የምትሞት እናት አለች። ስለዚህ እነዚያ እድሮች የጀመሩት ሥራ ለገጠሩም ለከተማውም ይጠቅማል።

ለውጥ እንዴት ይካሄዳል?

የእድርን ስም መለወጥ ቀላል ነው። «የልማት እድር» ብሎ ማኅተም ማስቀረጽ ይቻላል። ነገር ግን ደንቡ፣ ሣጥኑና ኃላፊነቱ ካልተለወጠ ልጆቹ ምንም አያገኙም። ለውጡ አራት ነገር ይፈልጋል።

1. ምክክር

መጀመሪያ አባላት ሁሉ ይሰብሰቡ። የሚቃወም ሰው ይነሣል። «እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ገንዘቤን ለሰው ልጅ የምከፍለው ለምንድን ነው?» ይላል። ይህ ሰው ዝም ይበል አይባልም። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን የከፈለው በክብር ለመቀበር ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው ይፈራል። ስለዚህ የቀብሩ ገንዘብ እንደማይነካ በደንብ ላይ ይጻፍለት። ከዚያም «የአንተስ ልጆች ቢቀሩ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጥያቄው ከቤቱ ሲደርስ ብዙ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

2. ደንብ

የተስማሙበት ነገር በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። የሚረዳው ማን ነው? እርዳታው ምንድን ነው? እስከ ስንት ዓመት? የሚወስነው ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ዛሬ የተረዳው የዳኛው ዘመድ ነው፣ የቀረው ጠላቱ ነው እየተባለ ጠብ ይመጣል።

ስለ ሴቶችም ይታሰብ። አባልነቱ በባል ስም ብቻ ከሆነ፣ ባል ሲሞት ሚስት ከእድሩ እንዳትወጣ ደንቡ ይጠብቃት። ሚስትም በስሟ አባል ትሁን። በእድሩ ስብሰባ ላይ ትናገር፤ ትመረጥ። የትኛው ልጅ ሳይበላ እንደሚያድር ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያውቁት ሴቶች ናቸው።

3. ገንዘብ

ገንዘቡ በየፈርጁ ይለያል። እስቲ በሒሳብ እንየው። አንድ እድር 120 አባላት አሉት እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ያዋጣል። በጠቅላላው በወር 2,400 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ እንዲህ ሊከፈል ይችላል።

ለቀብር ከእያንዳንዱ 12 ብር፣ በወር 1,440 ብር።
ለልጆችና ለቤተሰብ ከእያንዳንዱ 5 ብር፣ በወር 600 ብር።
ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ከእያንዳንዱ 3 ብር፣ በወር 360 ብር።

ለልጆች የተለየው በዓመት 7,200 ብር ይደርሳል። አምስት ብር ብቻዋን ስትታይ ትንሽ ናት። የ120 ሰው አምስት ብር ግን ለብዙ ልጆች ደብተርና እርሳስ ይገዛል። ብር ያጠረው አባል ደግሞ በአዝመራ ጊዜ እህል ይስፈር። እህል የሌለው ጉልበቱን ይስጥ። ወላጅ ለሌላቸው ልጆች አንድ ቀን በደቦ ወጥቶ ማረስ፣ ጣራቸውን መክደን፣ ከገንዘብ አያንስም።

ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይያዘው። ሲወጣ ሦስት ሰው ይፈርም። ደረሰኝ ይያዝ። ገንዘብ ያዥ ያልሆነ ሌላ አባል ሒሳቡን ይቆጣጠር። በየስብሰባው የገባውና የወጣው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ትናንት ማንበብ የማንችል ሰዎች በሰው ቃል ብቻ እናምን ነበር። ዛሬ ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ መዝገቡን ራሳችን እንይ። ጸሐፊውን መጠየቅ መጣላት አይደለም፤ የሚጠየቅ ጸሐፊ ከሐሜት ይድናል።

4. ኃላፊ ሰዎች

የልጆቹን ጉዳይ የሚከታተል ኮሚቴ ይመረጥ። ከውስጡ ሴቶችና ወጣቶች ይኑሩበት። ኮሚቴው በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ቤት ይጎብኝ። ልጁ ትምህርት ቤት ሄዷል ወይ? ታሟል ወይ? የሚመታው ወይም ከአቅሙ በላይ የሚያሠራው ሰው አለ ወይ? በተለይ ሴት ልጅ ያለ ዕድሜዋ እንዳትዳር ይጠበቅ። በሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የልጁ ችግር በስብሰባ ላይ በስሙ አይለፈፍ። እርዳታው ለልጁ ጸጥ ብሎ ይድረሰው። በሰው ፊት «የእድር ልጅ» እየተባለ የሚያድግ ልጅ ሆዱ ቢሞላም አንገቱን ይደፋል።

ልጁ የት ይደግ?

ወላጅ የሞተበት ልጅ ከተቻለ ከእህት ወንድሞቹ ሳይለይ፣ በሚያውቀው አገር፣ በዘመዱ ቤት ቢያድግ ይመረጣል። በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ተከልክሏል። እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች ያለናቸው እኛው ነን።

ልጁን የወሰደው ዘመድ ራሱ ድኻ ሊሆን ይችላል። አያት ልትሆን ትችላለች። እድሩ «እርስዎ ያሳድጉ፣ እኛም አለንልዎት» ይበላት። እርዳታው ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ይሁን። አምስት ልጅ ባለበት ቤት አንዱ ብቻ አዲስ ልብስ ቢለብስ ቅናት ይገባል።

በሕግ አሳዳሪና ሞግዚት የሚባሉ አሉ። አሳዳሪ ማለት የልጁን አካል፣ ጤናና አኗኗር የሚጠብቅ ነው። ሞግዚት ማለት የልጁን ገንዘብና ንብረት የሚጠብቅ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ንብረቱን ራሱ ይረከባል።

በገጠር ትልቁ ንብረት መሬት ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሞግዚት አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት ሰጥቷቸው ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ እድሩ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ሳይዘገይ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሄዶ አሁን ያለውን ሥርዓት ይጠይቅ። የይዞታ ደብተሩ የት እንዳለ ይወቅ። መሬቱ ለእኩል ወይም ለሲሶ ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክር ይቁም፤ የልጆቹም ድርሻ በአውድማ ላይ ተሰፍሮ ይግባላቸው። ልጅ አፉን ሞልቶ ሊከራከር አይችልም። አፍ የሚሆነው እድሩ ነው።

ወጣቶቹስ?

በብዙ እድር ወጣት የሚፈለገው መቃብር ለመቆፈርና ድንኳን ለመሸከም ነው። ለምክር ግን አይጠራም። ከዚያ በኋላ «ወጣቱ ከእኛ ራቀ» ብለን እናዝናለን። ወጣቱ በኮሚቴው ይግባ። የተማረው መዝገብ ይጻፍ። ለታናናሾቹ ትምህርት ያስጠና። ሥራ የሌለው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ዶሮ ወይም ንብ ለማርባት፣ በግ ለማድለብ ሲነሣ እድሩ ዋስ ይሁነው። አቅም ካለው ያበድረው። ብድሩም በጽሑፍ ይሁን፤ ይመለስ፤ ተመልሶም ለሌላው ይሰጥ።

እንግዲህ

ለውጥ በአንድ ቀን አይሆንም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። በዚህ ዓመት የልጆቹን ስም መመዝገብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደብተር መግዛት፣ ከዚያም መሬታቸውን ማስከበር ይቻላል። ሥራው ሲሰፋና ከሌላ ድርጅት እርዳታ መቀበል ሲያስፈልግ ወረዳው ድረስ ሄዶ ስለ ምዝገባ መጠየቅ ይገባል። መሠረቱ ግን የራሳችን መዋጮ ይሁን። የውጭ እርዳታ አንድ ቀን ይቆማል፤ ጎረቤት ግን አይቆምም።

ሟችን በክብር መቅበር ጥሩ ባህላችን ነው፤ እንጠብቀው። የሟች ትልቁ ክብር ግን ልጆቹ ሳይበተኑ ማደጋቸው ነው። ድንኳኑ በተነቀለ ማግሥት የልጆቹን ደጃፍ የሚያንኳኳ እድር እሱ ሙሉ እድር ነው።

ተወያዩባቸው

1. በእድራችሁ ውስጥ ወላጅ የሞተባቸው ስንት ልጆች አሉ? ዛሬ የት ናቸው?
2. የእድራችሁ ደንብ ስለ ልጆች፣ ስለ ሴቶችና ስለ ወጣቶች ምን ይላል? አንብባችሁ ተነጋገሩ።
3. የእድራችሁ አባላት በወር 5 ብር ለልጆች ቢለዩ በዓመት ስንት ብር ይሆናል? አስሉ።
4. ለውጡን የሚቃወም አባል ቢኖር ምን ትሉታላችሁ? እሱስ ምን ይላችኋል?