የሸካ ደን ጥቃቅን ነዋሪዎችና ያንዣበበባቸው አደጋ

ከማሻና ከአንድራቻ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቴፒ ቆላ የሚወርደው የሸካ ደን፥ ቀረሮውን፥ ቀርከሃውንና የጫካ ቡናውን አስተባብሮ በመያዙ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የገባ ቢሆንም፥ ከታላላቆቹ ግንዶች ሥር በእርጥብ ቅጠል ላይ ስለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው።

ከነዚህ ፍጥረታት አንዱ፥ ማልኮም ላርገን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዓለም ያስታወቀውና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘው የክላርክ እንቁራሪት ነው። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን በውሃ ዳር ባለ ቅጠል ላይ አኑረው ቅጠሉን እንደ ደብዳቤ አጥፈው ያጣብቁታል፤ የተፈለፈሉትም ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ስለዚህ ውሃና በውሃው ላይ ያዘነበለ ቅጠል ባንድነት ካልተገኙ ዘራቸው አይቀጥልም።

በዚህ እንቁራሪት ላይ ካንዣበቡት አደጋዎች የመጀመሪያው ግልጥ ነው፤ ለእርሻ፥ ለሰፈራ፥ ለሻይና ለሰፊ የቡና ልማት የሚደረገው የደን ምንጠራ ነው። ሁለተኛው ግን ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ለቡናው ብርሃን ለመስጠት ቁጥቋጦው በየዓመቱ ሲመነጠር፥ የጥላ ዛፎቹ እንደ ቆሙ ስለሚቀሩ ለሩቅ ተመልካች ደኑ ምሉዕ ይመስላል፤ የእንቁራሪቱ ማደሪያ ግን ፈርሷል። ረግረጉ ሲደርቅ መራቢያው ይጠፋል፤ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይ የተገኘው የቆዳ ፈንገስ ደግሞ ሌላ ሥጋት ጨምሯል።

መኖሪያው የጠበበ ፍጥረት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠፋ፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው የሞሬያ ደሴት ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሰብል አጥፊውን የአፍሪካ ግዙፍ ቀንድ አውጣ ይበላል ተብሎ የገባው ሥጋ በል ቀንድ አውጣ፥ በዛፍ ላይ የሚኖሩትን የአገሩን ቀንድ አውጣዎች ዐሥር ዓመት በሚያህል ጊዜ ከሞላ ጎደል ከዱር ፈጃቸው። በእርሻ የተከበበ ደንም በየብስ መካከል ያለ ደሴት ነውና፥ ነዋሪው መሸሻ የለውም።

የሸካ ደን አካባቢ ነዋሪዎች የሆኑት ሸካቾዎች ግን ዛፍ የማይቆረጥባቸውን የተከበሩ ደኖችና ምንጮች በጎሳ መሪዎቻቸው ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ይህ ሥርዓት በሕግ ቢጸና፥ ቡና አልሚውም በየወንዙና በየረግረጉ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ሳይነካ ቢተው፥ ቡናውም እንቁራሪቱም ባንድ ጥላ ሥር ሊኖሩ ይችላሉ፤ የደንም ጤና ሊመዘን የሚገባው በቆሙት ዛፎች ቍጥር ብቻ ሳይሆን፥ ከሥራቸው በተረፈው ሕይወት ጭምር ነው።