የጊታሩ ፊት ነጭነቱን እንዳያጣ

ጋዜጣ መስኮት ዳር ረስቶ ከቀናት በኋላ ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ያገኘው ገጽ ቢጫ ሆኖ፣ የተሸፈነው ግን እንደነበረ ይገኛል። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው። የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር በወረቀቱ ውስጥ ስለሚቀር፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። የጥሩ ጊታር ፊት የሚሠራበት ስፕሩስ የተባለው እንጨትም ጠባዩ ያው ነው። አዲስ ሲላግ ወተት ይመስላል፤ ሲውል ሲያድር ወደ ማር ይሄዳል።

እኔ በሙያዬ የቤት ዕቃ አናጺ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ዛሬ ቤተሰቤን ይዤ በምኖርበት በሲያትልም እንጀራዬ እሱው ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ “አባዬ፣ ጊታር አብረን እንሥራ” ስትለኝ ደስ አለኝ። በመጪው መስከረም ለዩኒቨርሲቲ ከቤት ትወጣለች። እንዲህ ጎን ለጎን ቆመን የምንሠራበት ጊዜ ዳግም ላይገኝ ይችላል ብዬ አሰብኩ።

ጎኑንና ጀርባውን ከጥቁር ቡናማ ሮዝዉድ ሠራን። ለፊቱ፣ ማለትም ቀዳዳው ላለበት የላይኛው ጠፍጣፋ እንጨት፣ ከሮኪ ተራሮች የሚመጣውንና ከስፕሩስ ዓይነቶች ነጣ ያለውን ኤንግልማን መረጥን። ልጄ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበችኝ፤ ቀለሙ እንዲሁ እንዳለ እንዲቆይላት። አብራን የምትኖረው እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። “የኔ እናት፣ እንጨት እኮ ወጉ ሲጠቁር ነው” አለቻት።

ችግሩ ነጭነቱ ብቻ አልነበረም። የጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ክሩ ሲመታ ተርገብግቦ ድምፁን የሚያወጣው እሱ በመሆኑ፣ ቅብ ከተቆለለበት ይታፈናል። እንደ ጠረጴዛ ደጋግሞ መለበጥ አይቻልም። ስለዚህ ስስ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የራሱን ቀለም የማያመጣ ቅብ ያስፈልገን ነበር።

ከመቀባታችን በፊት ከተረፈው ስፕሩስ ስድስት ትንንሽ ቁራጮች አዘጋጀን። አንዱን በተልባ ዘይት፣ አንዱን በዘይት ቫርኒሽ፣ አንዱን ብርቱካንማ በሆነው ሼላክ፣ አንዱን ተጣርቶ በነጣው ሼላክ፣ አንዱን በውሃ በሚቀጥነው ጥርት ያለ ቅብ ቀባን፤ ስድስተኛውን ባዶውን ተውነው። የእያንዳንዱን ግማሽ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍነን ለሦስት ሳምንት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ደረደርናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገና ሲቀቡ ቢጫ ሆኑ። ሁለቱ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ፎይሉን ስናነሳ ግን በሁሉም ላይ፣ ባዶው ላይም ጭምር፣ ፀሐይ ያገኘው ግማሽ ከተሸፈነው ጠቆር ብሎ ነበር። ልጄ ያኔ ነገሩ ገባት። ቅቡ ይዞት የሚመጣው ቀለም አንድ ነገር ነው፤ እንጨቱ ራሱ መለወጡ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን ማዘግየት እንጂ ማቆም አይቻልም።

የመረጥነው ሁለቱን ነጮች አንድ ላይ ነው። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታወጣው ሙጫ ነው፤ ከረሜላና የመድኃኒት እንክብል ሳይቀር ይለበጥበታል። በጣም የነጣውንና ሰሙ የወጣለትን ገዝተን፣ 30 ግራሙን በሩብ ሊትር ንጹሕ አልኮል አሟሟነው። ሰሙ ካልወጣ በላዩ የሚመጣው ቅብ በደንብ አይይዝም። ተበጥብጦ ወራት የቆየ ሼላክም በቅጡ ስለማይደርቅ የሚበጠብጡት ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ነው።

ከቅቡ በፊት የሚመጣ ሌላ ጠላትም አለ፤ ቆሻሻ። የሮዝዉዱ ጥቁር ብናኝ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ስፕሩሱ ውስጥ ይሰገሰጋል። ስለዚህ ጎኑንና ጀርባውን አስቀድመን ጨርሰን፣ ፊቱን መጨረሻ ላይ በ320 ቁጥር ወረቀት አለሰለስነው። ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ አራገፍን እንጂ በአልኮል በራሰ ጨርቅ አልወለወልንም፤ አልኮል የሮዝዉዱን ቀለም አሟሙቶ ወደ ነጩ ይጎትታልና። ሼላኩንም ስንቀባ ከመሃል ወደ ዳር እንጂ ከዳር ወደ መሃል አልሳብንም። የእጅ ወዝ እንዳይነካው ልጄ የጥጥ ጓንት አጠለቀች። በውሃ የሚቀጥን ቅብ ለመቀባት ላሰበ ሰው፣ የብረት ሱፍ ከእንጨቱ አጠገብ አይድረስ፤ ስባሪው ውስጥ ቀርቶ ዝጎ ጥቁር ነጥብ ያወጣል።

ሼላኩ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ፣ በውሃ የሚቀጥነውን ቅብ ስድስት ጊዜ ስስ አድርገን ደረብን፤ ከዚያ ጊታሩን ለሦስት ሳምንት ሳንነካው አቆየን።

ብዙ ሰው የሚያሞግሰው የናይትሮሴሉሎስ ላከር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የጊታር ፋብሪካዎች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ነገር ግን ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፤ የድሮ ነጭ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ዛሬ ቅቤ የመሰሉት በዚህ ነው። ከዚያም በላይ ጭሱ ከባድ ነው፤ በቀላሉም ይቀጣጠላል። አሮጊትና ልጅ ባሉበት ቤት አላስገባውም። ዘይትም የዋህ አይምሰላችሁ። የተልባ ዘይት ወይም የዘይት ቫርኒሽ የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ለሙከራ ብለን የተጠቀምንበትን ጨርቅ በባልዲ ውሃ የነከረችው እናቴ ናት።

ጊታሩ ዛሬ ነጭ ነው፤ ድምፁም አልታፈነም። ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው አያያዙ ነው። ሲያበቃ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ መስኮት ዳር አይሰቀልም። ልጄ ግን ልትጫወትበት እንጂ ሸፍና ልታስቀምጠው እንዳልሠራነው ታውቃለች። በተጫወተችበት መጠን ብርሃን ያየዋል፤ ብርሃን ባየው መጠንም ወደ ማሩ ይሄዳል።

ከዚያው ጣውላ የተረፈ አንድ ሌላ ቁራጭ ነበር። እንደ ጊታሩ ቀባነውና ልጄ በጀርባው ቀኑን ጻፈችበት። በፎይል ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ ከክሮቹ መለዋወጫ ጋር አስቀመጠችው። ከዓመታት በኋላ ፈትታ ከፊቱ ጋር ስታስተያየው ጊታሩ ምን ያህል ብርሃን እንዳየ ታውቃለች።