ከገበሩ በኩል

ጠጋ በሉ፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የማይታየውን ልንገራችሁ።

ይህ የጨርቅ ሥዕል ሰባራ ድልድይ ነው። ዓባይ ላይ፣ ጎጃምንና ጎንደርን ለማገናኘት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ የተሰበረው። ከዚያ በኋላ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ ተሻግሯል፤ ወገቡን ይታሰርና ከወዲያ ማዶ ያሉት ይስቡት ነበር።

ሥራው ሦስት ድርብ ነው፤ ፊቱ፣ መካከሉ ላይ ባዘቶ፣ ከኋላ የአቡጀዲ ገበር። ድንጋዮቹ የአባቴ ካኪ ሱሪዎች ናቸው። አዲስ ጨርቅ ድንጋይ አይሆንልኝም፤ ጉልበቱ ላይ የሳሳ ካኪ ግን ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት አለት ይመስላል።

የመጀመሪያው ተበላሽቶብኛል። ድልድዩን በመኪና ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁት፤ ውሃውን ሳልነካ ተውኩት። ጨርቅ ስፌት በበዛበት ይሰበሰባል፣ ባልተሰፋበት ያብጣል። ስሰቅለው ድልድዩ ተጨማዶ፣ ዓባይ እንደ ትራስ ተነፍቶ አገኘሁት። የሁለት ወር ልፋት ነበር፤ ክሩን በምላጭ እየበጠስኩ ስፈታ አልቅሻለሁ። በሁለተኛው ውሃውንም የድንጋዩን ያህል ሰፋሁት፣ ያውም በእጄ፣ በቡናማ ክር። ዓባይ በክረምት አፈር ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ ሰማያዊ የሚያደርጉት ሰዎች በክረምት አላዩትም።

በመጽሐፍ ደጋግሜ የማየው የአሜሪካዊቷን ሠዓሊ የፌይዝ ሪንጎልድን የጨርቅ ሥራ፣ «ታር ቢች»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራውን። ሃርለም ውስጥ ቤተሰብ ጣሪያ ላይ አምሽቶ፣ ከበስተጀርባ የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ይታያል። ድልድዩ የተሰፋ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሸራ ላይ በአክሪሊክ የተሳለ ነው፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ ያለው ዙሪያው ላይ ነው። ሪንጎልድ የመጀመሪያ የጨርቅ ሥራዋን እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራችው ከእናቷ፣ ከልብስ ዲዛይነሯ ከዊሊ ፖሲ ጋር ነበር። ይህን ሳነብ መርፌዬን አስቀምጬ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ።

በእኔ ድልድይ ላይ የቸገረኝ ስብራቱ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ለጠፍኩበት፤ ጥላ መሰለ እንጂ ገደል አልሆነም። በመጨረሻ ትንፋሼን ይዤ ሦስቱንም ድርብ በመቀስ ቀደድኳቸው፤ ግድግዳው ወለል ብሎ ታየ። ጠርዙን በሰያፍ በተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ቀመቀምኩት።

ገመዱ የእናቴ ነው። በእንዝርት የፈተለችውን ማግ አራት አድርጋ፣ ጭኗ ላይ እያሸች ገመደችልኝ። የሚሻገረው ሰው ከአሮጌ ነጠላዋ ተቆርጧል፤ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም።

ገመዱን የትም ቦታ አልሰፋሁትም። ሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ከኋላ፣ ገበሩ ላይ ታስረዋል። በር ሲከፈት ሰውየው ይወዛወዛል።