ካንሰርን ቢላ ከነካው ይሰራጫል?

ከቀዶ ሕክምና ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያደረ አስታማሚ ይህን ሹክሹክታ ሳይሰማ አይነጋለትም። «ተዉ፣ ኦፕራሲዮን አታስደርጉት። ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል። የጎረቤታችን አባት በእግሩ ሄዶ ገብቶ፣ ከፍተው ሲዘጉት ወር እንኳ አልቆየም።» እንዲህ የሚሉት ክፉ የሚመኙ ሰዎች አይደሉም። ሾርባ በፔርሙዝ ይዘው የሚመላለሱ፣ ደም ሲያስፈልግ ክንዳቸውን የሚዘረጉ ዘመዶች ናቸው። አክስቴን የጡት ካንሰር ይዟት ባስታመምንበት ዓመት እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ የሚባለውንም አብዛኛውን አምኜ ነበር። ቀዶ ሐኪም ታማሚውን የሚይዘው ለጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት የሚይዘው ቤተሰብ ነውና፣ ቤት ውስጥ የሚታመነው ነገር በቀጥታ ታማሚው አካል ላይ ያርፋል።

የቢላውን ነገር ላስቀድም። ሰዎች ያዩት እውነት ነው፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። በአገራችን ብዙ ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው። ዕጢው ወደ ጉበት ተሻግሮ ይገኛል፤ ሐኪሙ ከፍቶ ያያል፣ ማውጣት እንደማይቻል ይረዳል፣ መልሶ ይሰፋል። ታማሚው ከወር በኋላ ሲያርፍ ጥፋቱ የቢላው ይሆናል፤ እብጠቱን ቅጠል ሲቀቡት የከረሙበትን ዓመት ግን ማንም አያነሳውም። የካንሰር ሴል በዋነኛነት የሚጓዘው በደም ሥርና በሊምፍ መስመር ነው። ሲከፈት አየር ስለነካው የሚሰራጭ ካንሰር የለም። እንዲያውም በጊዜ የተገኘ የጡት፣ የትልቁ አንጀት ወይም የእንቅርት ካንሰር ዋና ሕክምናው ይኸው ቢላ ነው። ለምርመራ በመርፌ የሚወሰደው ናሙናም እንዲሁ ይፈራል፤ ያለ እሱ ግን ሐኪሙ የሚያክመውን ነገር ምንነት አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ሸሽጌ አላልፍም። ዕጢን እንደ ነገሩ መነካካት ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የዘር ፍሬ ካንሰር ሲጠረጠር በከረጢቱ በኩል መርፌ አይወጋም፤ በብሽሽት በኩል ፍሬው እንዳለ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የማኅፀን ማዮማን ሆድ ውስጥ እየቆራረጠ በሚያወጣ መሣሪያ ላይ ያስጠነቀቀው፣ ተደብቆ የቆየ ካንሰር ካለ ሊበትነው ስለሚችል ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ «የሚያወጣው ሐኪም ይህን ዓይነት ዕጢ ያውቀዋል ወይ? ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ነው ወይ የሚያወጣው?» ብሎ ቢጠይቅ ፍርሃቱን ሥራ ላይ አዋለው ማለት ነው።

የዚህ ፍርሃት ተቃራኒም አለ፦ «ጡቱ በሙሉ ካልወጣ ካንሰሩ ይመለሳል።» ይህ የመንደር ወሬ ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጡትን ከደረት ጡንቻው ጭምር ማውጣትን ካስተማሩ ወዲህ፣ ሐኪሞች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያው ሄደዋል። በኋላ በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በጣሊያን ሴቶችን በቡድን መድበው ለ20 ዓመት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ውጤት ተመሳሳይ ነበር፦ በጊዜ ለተገኘ ዕጢ፣ እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከምና ጡቱን በሙሉ ማውጣት በሴቶቹ ዕድሜ ላይ ልዩነት አላመጡም። ቁልፉ ታዲያ ጨረሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ሌሎች ከተሞችም ጀምረዋል፤ ቢሆንም ጨረሩን በጊዜ ለማታገኝ ሴት ሙሉውን ማስወጣት ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ከመፈረሟ በፊት «ጨረሩን የት፣ መቼ አገኛለሁ?» ብላ ትጠይቅ።

ደግሞም ይባላል፦ «ለእሷ እንዳይነገራት፣ ልቧ ይሰበራል።» እኛ ይህን አድርገነዋል። አክስቴ «ትንሽ እባጭ ናት» ተብላ ነው የገባችው፤ የፈረመው ወንድሟ ነው። ስትነቃ ደረቷን በእጇ ዳሰሰችና ማንንም ሳትጠይቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሦስት ቀን አላናገረችንም። አካሉ የእሷ ነበር፤ ፊርማውም የእሷ መሆን ነበረበት። ዝርዝሩን መስማት የማይፈልግ ታማሚ አለ፣ ያም መብቱ ነው፤ ግን «አትንገሩኝ» የሚለው ቃል ከራሱ አፍ ይውጣ።

ጠበልንና ሐኪምን ማፋለም ሌላው ችግር ነው። የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር፤ ለካንሰር ታማሚም ነገሩ ያው ነው። ክፍት ቁስል ይዞ ጠበል መዘፈቅ ግን እስኪድን ይቆይ። ጾምም እንዲሁ፦ ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ያቀልሉለታል፣ ቁርኣንም የታመመ በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅዳል። ይህን የማነሳው ከስቶ ቢላ ሥር መግባት አደገኛ ስለሆነ ነው። «ስኳር ካንሰሩን ይመግበዋል» ተብሎ እህል የተከለከለ ሰው ሲመነምን ካንሰሩ አይራብም፤ ቁስሉን የሚገጥመው ገላ ነው የሚራበው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ሥጋ ቁስል ያድናሉ እንጂ አያመግሉም። ጥሬ ሥጋው ግን ይቅር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሆድ ባዶ ካልሆነ በሰመመን ጊዜ ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ይህን አደጋ ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 በግልጽ ጽፈውታል። ስለዚህ «ርቦታል፣ አንዲት ጉርሻ ምን አላት?» ብሎ በጎን ማጉረስ ፍቅር ይመስላል እንጂ ነፍስ ሊያስጠፋ ይችላል። ከተጎረሰም ለሐኪሙ እውነቱን መናገር ነው፤ ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላል። በሌላ በኩል «ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውኃ አይቀመስ» የሚለውም አርጅቷል። የዛሬው የሰመመን ሐኪሞች መመሪያ ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት፣ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ይፈቅዳል። ወተት፣ አጥሚትና አብሽ እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ሆስፒታሉ ሌላ ሰዓት ከሰጠ እሱን ይከተሉ፤ የተራው ሰዓት ሊለዋወጥ ይችላልና።

ስለ መድኃኒት ባጭሩ፦ አስፕሪን፣ ዋርፋሪን፣ በብዛት የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት፣ ከባህል ሐኪም የተገኘ ሥር ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር። ደም ሊያቀጥኑ ይችላሉ፤ በራስ ፈቃድ ማቆምም አደጋ አለው። ሲጋራ ግን ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የእኛ ሰው የሚያውቀው አንድ ትእዛዝ ነው፦ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፣ ስፌቱ ይፈታል።» ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳዩት ተቃራኒውን ነው፤ ሕመሙ በመድኃኒት ታግሦለት ቶሎ የተነሳ፣ ቶሎ የበላ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባው አክታ ይይዛል፣ አንጀቱ ይዘገያል። በማግስቱ ከአልጋ ጫፍ እስከ ወንበር፣ ከዚያ እስከ ኮሪደሩ መራመድ በቂ ነው። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሲስል ስፌቱ የሚተረተር ይመስለዋል። ጋቢ ወይም ትራስ አጥፎ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጎ ይያዝና በረጅሙ ተንፍሶ ይሳል። የማስታገሻውን መርፌ «ሱስ ይሆንብኛል» ብሎ የሚተው ሰው መሳል አይችልም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን መውሰድ ሱሰኛ የማድረጉ ዕድል ጥቂት ነው። ሐኪሙ «አየር ወጣ?» ሲል አዛውንቶቻችን በሀፍረት ዝም ይላሉ። እባካችሁ መልሱላቸው፤ የአንጀት መንቃት ምልክት ስለሆነ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳት ብቻ፣ በተለይ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ 6 ሳምንት ገደማ ይቆይ።

«ሽታ ይመታዋል» ተብሎ መስኮት የሚዘጋበትና ጤና አዳም የሚሸተትበት ቤት አሁንም ብዙ ነው። ቁስልን የሚያመግለው ባክቴሪያ ነው፤ ባልታጠበ እጅም ሊመጣ ይችላል። መስኮቱ ይከፈት፤ ጠያቂ መቀነሱ ግን ጥቅም ያለው ልማድ ነው፣ እሱ ይቀጥል። ከሁለት ቀን በኋላ ሐኪሙ ከፈቀደ ገላ መታጠብ ይቻላል። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቅላቱ ከሰፋ፣ መግል ካየ፣ አንድ እግሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቀጠሮ አይጠበቅም።

የወጣው ዕጢ ደግሞ ጉዞው አላበቃም። በብዙ ቦታ ወደ ፓቶሎጂ (ዕጢው ወደሚመረመርበት ክፍል) የሚያደርሰው አስታማሚው ነው። ለእኔ በፕላስቲክ ዕቃ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተሰጠኝ፤ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሥጋው እንዳይበሰብስ የተነከረበት የፎርማሊን ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። የታማሚው ስም በክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በዕቃው ላይም መጻፉን፣ ፎርማሊኑም ሥጋውን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ተመልከቱ፤ በውኃ አትቀይሩት፣ አታሳድሩት። «ወጥቶ አለቀ» ማለት የሚቻለው የፓቶሎጂው ውጤት ወረቀት ከመጣ በኋላ ነው፤ ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆኑን፣ የብብት ንፍፊቶች መነካታቸውን፣ ኬሞ ወይም ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን ማስፈለጉን የሚናገረው እሱ ነው።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ገጠማት። ጎረቤቶቿ «እትዬ፣ ያን ክንድ እንዳትነኪው፣ ያብጣል» አሏት፤ ስድስት ሳምንት ከጎኗ ጋር አጣብቃ ያዘችው። ትከሻዋ ደረቀ፣ ሻሿን በራሷ ማሰር አቃታት። ንፍፊቶች ሲወጡ ክንድ ሊያብጥ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ቀስ በቀስ ክብደት ያነሱ ሴቶች እብጠታቸው እንዳልባሰ አሳይቷል። ቀለል ያለው እንቅስቃሴ በማግስቱ ሊጀመር ይችላል፤ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳቱ ግን የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ እስኪነቀል ሐኪም ይጠየቅበት። እሷ የጀመረችው ዘግይታ ነው። በየጠዋቱ ግድግዳው ፊት ቆማ በጣቶቿ ወደ ላይ ትወጣለች፣ በደረሰችበት ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቶቹ እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ አሉ። የመጀመሪያዋ ከትከሻዋ በታች ናት፤ የመጨረሻዋ ጋቢ ከሚሰቀልበት ሚስማር በላይ።