ያልተከፈተው ሽፋን

ሚያዝያ 19 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1999) ከካሊፎርኒያው የቫንደንበርግ አየር ኃይል ጣቢያ የተወነጨፈው አቴና 2 ሮኬት በእሳትና በጭስ አልወደቀም። ተመልካች ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ሁሉም ነገር አምሮ ነበር። በስምንት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ግን ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ የተሸከማት ሳተላይት ኢኮኖስ 1ም ምኅዋሯ ሳትደርስ በደቡባዊ ፓስፊክ በኩል ወደ ከባቢ አየር ተመልሳ ጠፋች።

የጠፋችው ተራ ሳተላይት አልነበረችም። ወደ 720 ኪሎ የምትመዝነው ኢኮኖስ 1 ከ680 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና፣ በምድር ላይ ያለን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ለይታ ፎቶ እንድታነሣ የተሠራች ነበረች። እስከዚያ ድረስ እንዲህ የጠራ የጠፈር ፎቶ ከስለላ ድርጅቶች ካዝና አይወጣም ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ በሩን ለግል ኩባንያዎች ከከፈተ በኋላ፣ ስፔስ ኢሜጂንግ የተባለው ኩባንያ ፎቶውን ለከተማ ፕላን አውጪው፣ ለካርታ ሠሪው፣ ለጋዜጠኛው፣ መክፈል ለቻለ ሁሉ ሊሸጥ ተነሣ። ይህ ለእኔ ከንግድ በላይ ነው። መንግሥታት ብቻ ያዩት የነበረውን ምድር ሌላውም ሰው እንዲያየው የሚያደርግ ነበርና።

ጥፋቱ የተፈጠረው በሮኬቱ አናት ላይ ባለው ሾጣጣ ሽፋን ነው። ሮኬት ጥቅጥቅ ያለውን የታችኛውን አየር ሰንጥቆ ሲወጣ የሚፈጠረውን ግፊትና ግለት የሳተላይት ስስ አካል አይችለውም። ስለዚህ ሳተላይቷ ሽፋኑ ውስጥ ተዘግታ ትጓዛለች። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋፋ አየር የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ሽፋኑ ሸክም ብቻ ነውና መጣል አለበት። በአቴና 2 ላይ ይህ የሚሆነው ከተነሣ ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው።

አጣጣሉ ሁለት ተከታታይ ፍንዳታዎች ይፈልጋል። መጀመሪያ በሽፋኑ ግርጌ ዙሪያውን የተቀበረ ፈንጂ ከሮኬቱ አካል ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋው ፈንጂ ሽፋኑን እንደ ባቄላ እሸት ለሁለት ሰንጥቆ ግራና ቀኝ ይወረውረዋል። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ፍንዳታ በትእዛዙ መሠረት ተካሄደ። መርማሪዎች እንደ ደረሱበት፣ የዚሁ ፍንዳታ ንዝረት ለሁለተኛው ትእዛዝ የሚያደርሰውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከመሰኪያው ነቀለው። ትእዛዙ የሚያልፍበት መንገድ ተቋረጠ፤ ሽፋኑም ሳይሰነጠቅ ቀረ። ካሜራዋ ምድርን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ ሁሉ ነገር አለቀ።

ሽፋኑ ሳይጣል ቀርቶ ክብደት ቢጨምር ምን ነበረበት? ምኅዋር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፍታን ነው፤ ዋናው ጉዳይ ግን ፍጥነት ነው። በዚያ ከፍታ ምድርን ለመዞር በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ያስፈልጋል። ከዚያ በበቂ ያነሰ ፍጥነት ያለው ነገር እዚያ ከፍታ ላይ ቢደርስም ተመልሶ ይወድቃል። ቀድሞ በሚጣለው የታችኛው እርከን ላይ አንድ ኪሎ ቢጨመር ሮኬቱ የሚያጣው ፍጥነት ትንሽ ነው፤ እስከ መጨረሻ የሚሄድ ኪሎ ግን በቀጥታ ከሳተላይቷ ድርሻ ላይ ይቀነሳል።

ስሌቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት የተወነጨፈች የቻይናና የብራዚል የምድር ምልከታ ሳተላይት፣ የሦስተኛው እርከን ሞተር ከታቀደው 11 ሰከንድ ቀድሞ በመጥፋቱ ምኅዋር ሳትገባ ቀርታለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የእኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የወጣችው ከዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ዓይነት ሮኬት፣ ከሌላ የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ጋር ነበር። በዚያ ማለዳ እንጦጦ ላይ የታየው ደስታ ምን ዓይነት ስጋት አልፎ እንደ መጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ኢኮኖስ ከመጥፋቷ 18 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 1 ቀን፣ ከፍሎሪዳ የተነሣ ታይታን 4ቢ ሮኬት የጦር ኃይሉን የሚሳይል ማስጠንቀቂያ ሳተላይት ጥቅም የለሽ ምኅዋር ላይ ጥሏት ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ የላይኛው ሞተር ሁለት እርከኖች በሚለያዩበት ቦታ ያለ መሰኪያ ነው፤ ሙቀት መከላከያ ቴፕ ከልክ በላይ ተጠግቶ ስለተጠቀለለበት አልላቀቅ አለ። በአንድ ወር ውስጥ አንዱ መሰኪያ መላቀቅ ሲገባው ተጣበቀ፣ ሌላው መያዝ ሲገባው ተነቀለ። የሮኬት አደጋ ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሞተር ነው። እኔ ግን አሁን ማንኛውንም ማስወንጨፍ ስከታተል ልቤ የሚሰቀለው ክፍሎቹ በሚለያዩባቸው ቅጽበቶች ነው። የሚፈነዳ መገጣጠሚያ አንዴ ከተሞከረ ያልቃልና፣ የሚበረውን ራሱን አስቀድሞ መሞከር አይቻልም። የሚሞከረው አምሳያው ነው፤ የቀረው እምነት በጥሬ ዕቃው ላይ ይጣላል።

ያ እምነት ሲከዳም ታይቷል። በ2001 ዓ.ም. ኦሲኦ፣ በ2003 ዓ.ም. ግሎሪ የተባሉት የናሳ የምድር ምልከታ ሳተላይቶች ከዚያው ከቫንደንበርግ በቶረስ ኤክስኤል ሮኬት ወጥተው፣ ሁለቱም ሽፋናቸው ሳይከፈት ጠፉ። ናሳ በ2011 ዓ.ም. ይፋ እንዳደረገው፣ ለሽፋኑ መገጣጠሚያ አሉሚኒየም ያቀረበው ፋብሪካ የጥንካሬ ምርመራ ውጤቶችን ለዓመታት ያጭበረብር ነበር። የጠፋው ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

በጠፈር ፎቶ ገበያው ጅማሬ ከተፎካካሪዎቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዳቸውም ሳተላይት ሳያጡ አላለፉም። የስፔስ ኢሜጂንግ ጥንቃቄ ግን ኩባንያውን አዳነው፤ መንትያ ሳተላይት አስቀድሞ አሠርቶ ነበር። ሁለተኛዋ ኢኮኖስ መስከረም 13 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ ከዚያው ቦታ በዚያው ዓይነት ሮኬት ወጣች፤ ሽፋኑም ተከፈተ። ለሰባት ዓመት የታሰበችው ሳተላይት ከ15 ዓመት በላይ ፎቶ ስታነሣ ቆይታ በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጣች። የኦሲኦ ምትክ ለመምጠቅ ከአምስት ዓመት በላይ ጠብቃለች። ለግሎሪ ምትክ አልተሠራም።