ውሃ ካለ ሕይወት አለ? የዳሎል መልስ «የግድ አይደለም» ነው

አዋሽ ሰባት ኪሎም ሆነ ሰመራ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በረሃው መሃል አዋሽ ባለፈበት ሁሉ ዛፉም ከብቱም ሰውም አለ። ስለዚህ «እዚያ ፕላኔት ላይ ውሃ ተገኘ» ሲባል «በቃ፣ ሕይወት አለ ማለት ነው» ብንል አይገርምም።

ግን እዚሁ አፋር፣ ወደ ሰሜን ስንሄድ ዳሎል አለላችሁ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹን በፎቶ ሳታዩ አልቀራችሁም። ውሃ ሞልቷል፤ ሕይወት ግን አከራካሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ናሙና መርምሮ፣ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም ሲል ደመደመ። በአጉሊ መነጽር ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች እንዳሉም አስጠነቀቀ። በአቅራቢያው ባሉ፣ አሲድ በሌለባቸው ጨዋማ ውሃዎች ግን ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን አግኝቷል።

ችግሩ ምንድነው? ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ ጨው የሚነሰነስበት ምክንያት ምን ነበር? ጨው ውሃውን ይይዘዋል፤ ባክቴሪያው ውሃ አጠገቡ እያለ ይጠማል። ዳሎልም እንደዚያው ነው። በተለይ የማግኒዥየም ጨው የሕዋስን አካል ያፈርሳል። በዚያ ላይ አሲዱ አለ፤ የአንዳንዱ ኩሬ ፒኤች ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጨው ብቻውን ወይም አሲድ ብቻውን ቢሆን የሚችሉት ተሕዋስያን አሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው የሚከብደው።

ፕላኔትም በዚሁ ነው የሚመዘነው። ለፀሐዩ በጣም ከቀረበ ውሃው ይተናል፣ በጣም ከራቀ በረዶ ይሆናል። ከባቢ አየርም ያስፈልገዋል፤ የማርስ አየር በጣም ስስ ስለሆነ ዛሬ ውሃ ላይዋ ላይ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም። እንደ ካርቦንና ናይትሮጅን ያሉ ንጥረ ነገሮችና የኃይል ምንጭም የግድ ናቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳን ውሃው ራሱ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት የሚችሉት ዓይነት መሆን አለበት።

ከማርስ የመጣ ድንጋይ ላይ «ሕዋስ የሚመስል ነገር ታየ» የሚል ዜና አንድ ቀን ብታዩ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው ምን ዓይነት ነበር? የታየው ነገርስ ማዕድን ላለመሆኑ በምን ተረጋገጠ?