ለገንዘብ ተያዥ፣ ለሰው ማን?

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ የመብራት ምሰሶ ባዶውን አያድርም። የትናንቱ የሥራ ማስታወቂያ በዝናብ ሳይላላ የዛሬው ይደረብበታል። ገንዘብ ያዥ፣ ስቶር ኪፐር፣ አስተናጋጅ፣ ሹፌር፣ ጥበቃ፣ ሞግዚት። ደመወዙ «በስምምነት» ነው። ጾታው፣ ዕድሜውና የትምህርት ደረጃው እንደየሥራው ይለያያል። ከግርጌ ግን አንዲት መስመር እምብዛም አትጠፋም፤ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»።

ይህችን መስመር አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ተያዥ የሚሆነው ሰው ቋሚ ሥራ ያለው መሆን አለበት። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ፣ ብዙ ጊዜም ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ያጽፋል። ፎቶግራፉ፣ የመታወቂያው ኮፒና ፊርማው ከተቀጣሪው ፋይል ጋር ይቀመጣል። ሥራ ፈላጊው ይህን ለማግኘት አጎቱን ይለምናል፣ የአክስቱን ባል ደጅ ይጠናል፣ ካልሆነም የድሮ አስተማሪውን ይማጠናል። ተያዥ አጥቶ ያገኘው ሥራ ያመለጠው ስንቱ ነው! በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋሱ እስከ ስንት ድረስ እንደሚጠየቅ ከፍተኛው መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ተያዥነት የሚጻፈው በብር ነው። ሰውዬው ዋስ የሚሆነው ካዝናው ቢጎድል፣ ሞተር ሳይክሉ ቢጠፋ፣ ጄኔሬተሩ በሌሊት ከግቢ ቢወጣ ነው።

ተንከባካቢ የሚፈልግ ማስታወቂያም ከዚህ ልማድ እምብዛም አይወጣም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች አዳሪ ሆነው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ሥራው ምን እንደሚመስል እናስብ። አካሉ የጎረምሳ፣ ንግግሩ ግን ከአምስት ስድስት ቃል የማያልፍ ልጅ አለ። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳው፣ ሽንት ቤት የሚወስደው፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን የሚያጥበው፣ ኪኒኑን ቆጥሮ የሚያጎርሰው፣ ማታ በሩን የሚዘጋው ተንከባካቢው ነው። ክንዱ ላይ ሰንበር ቢታይ «ወድቆ ነው» ብሎ መዝገብ ላይ የሚጽፈውም ይኸው ተንከባካቢ ነው። ልጁ በበኩሉ ተረኛው ሲገባ ወደ ግድግዳው ይሸሽ ይሆናል፣ ምግብ እምቢ ይል ይሆናል፣ የተወውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምር ይሆናል። እናቱ ለጥየቃ ስትመጣ «ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጧል» ይሏታል። «ዝም አይነቅዝም» የተባለው መናገር እየቻለ ለሚተው ሰው ነው።

እዚያው ሐዋሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ሲመለምል ከየወረዳው የሚመጡት ወጣቶች የሚመዘኑበት ሥርዓት ነበረው፤ ማንበብና መጻፋቸው ብቻ ሳይሆን የጣታቸው ቅልጥፍናም ይፈተን ነበር። ሸሚዝ ለሚሰፋ እጅ ፈተና ካዘጋጀን፣ ሰው ለሚያጥብ እጅ በቀበሌ መታወቂያና በአጎት ፊርማ ብቻ ማለፋችን ግራ ያጋባል።

ያልታየ ነገር እያወራሁ አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ወሎ ውስጥ፣ ጃሪ በተባለው ስፍራ፣ ቴር ደዞም ሎዛን የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የሕፃናት መንደር ነበረው። በዚያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ክሪስቲ በወንዶች ልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። የውጭ ዜጋ ነው፣ የታወቀ ድርጅት የላከው ነው፤ ማን ጠይቆት! ጉዳዩን አደባባይ ካወጡት ባልና ሚስት አንዷ ከዓመታት በኋላ ስለ ድርጅቱ በተናገረችው ምክንያት በስም ማጥፋት ተከስሳ ጥፋተኛ መባሏም የታሪኩ አካል ነው። የጃሪ ልጆች የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አልነበሩም። አፍ ነበራቸው፣ እግር ነበራቸው፣ አድገውም ምስክር መሆን የሚችሉ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ፍርዱ እስኪመጣ ዓመታት ፈጀ። አፍ የሌለውስ?

ችግሩ በክፉ ሰዎች ብቻ የሚመጣ ቢሆን ይቀል ነበር። አብሮት የሚሠራው ወረቀታችን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲለቅ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጠው ያዝዛል። በማስረጃው ላይ የሚሰፍረው የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ዘመንና ይከፈለው የነበረው ደመወዝ ነው። ስለ ጠባዩ የሚጻፍ ነገር የለም። ሕጉ ሠራተኛውን ከቂመኛ አሠሪ ስለሚጠብቀው ልክ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አንድ ተንከባካቢ ልጅ ሲመታ ተይዞ ቢባረር ይዞት የሚወጣው ይህንኑ ንጹሕ ወረቀት ነው። ሌላው ወረቀት ክሊራንስ ነው። «ከማንኛውም የድርጅቱ ንብረት ነፃ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል፤ አንሶላና ብርድ ልብስ አስረክቧል፣ ቁልፍ መልሷል ማለት ነው። አስተዳዳሪውም ነገሩ ከግቢ ባይወጣ ይመርጣል፤ ስማችን ይጠፋል፣ ለጋሹ ይሸሻል፣ ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ አለ። «በገዛ ፈቃዱ ለቋል» ተብሎ ይሸኛል። በሳምንቱ ሌላ ከተማ ሌላ ማዕከል ውስጥ «ልምድ ያለው» ተብሎ ይቀጠራል።

ተንከባካቢ ያመጣላችሁን ደላላ «ስለ ልጅቷ ምን ታውቃለህ?» ብትሉት «ተያዥ አላት» ይላችኋል። ያወቀው ይህንኑ ነው።

ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጠው የፖሊስ ማስረጃም አለ። አሻራ ሰጥቶ የሚወሰድ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስሙ ከተነሳ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ቪዛና ዓረብ አገር ነው። የሰው ልጅ ለማሳደግ ወደ ውጭ ስንሄድ የምናወጣውን ወረቀት የራሳችንን ልጅ ለሚጠብቅ ሰው አንጠይቅም። በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ «ግሩፕ ሆም» ውስጥ የሚሠሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ስማቸውና አሻራቸው ሳይጣራ፣ ሥልጠና ሳይወስዱ ከአንድ አካል ጉዳተኛ ጋር ለብቻቸው አይተዋቸውም። ለእረፍት አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ሲመጡ ስለ ሰዓት ክፍያቸው እንጠይቃቸዋለን፤ ስለ አቀጣጠራቸው ግን አንጠይቅም።

ወረቀት ብቻውን እንደማያድንም ከሌሎች መማር ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ሶሃም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን የገደለው ኢያን ሃንትሊ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ነበር። ሲቀጠር ሌላ የአባት ስም ተጠቅሟል፤ ማጣሪያው የተካሄደውም በዚያ ስም ነው። ሌላ አካባቢ ያለው ፖሊስ ደርሶት የነበረው ተደጋጋሚ አቤቱታ ቀጣሪዎቹ ጋ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከሕፃናትና ራሳቸውን መከላከል ከማይችሉ ሰዎች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎችን ዝርዝር አጠናክራ ሕግ አወጣች። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ ብሪስቶል አጠገብ በነበረው ዊንተርበርን ቪው ሆስፒታል ውስጥ ጋዜጠኛውን ተንከባካቢ አድርጎ አስቀጥሮ በድብቅ ካሜራ ያስቀረጸው ምስል አገሩን አስደነገጠ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በወለል ላይ ሲጎተቱ፣ ሲመቱ፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቀዝቃዛ ውኃ ሲለቀቅባቸው ታየ። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ 6ቱ ታሰሩ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ቴሪ ብራያን የተባለ ነርስ አስቀድሞ ለአለቆቹና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መጻፉ ነው። የሰማው የለም። የማጣራት ሕግ ባለበት አገር እንኳ መስማት ከሌለ ውጤቱ ይህ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ አዳሪ መንከባከቢያዎቻችን በአብዛኛው የተነሡት በበጎ ሰዎች ልብ ነው። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ያነሣል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ስንቱ በዚያ ቃል ኪሱን ከፍቷል፣ ስንቱ ልብስና እህል ተሸክሞ ሄዷል። ለመስጠት በእርግጥም ሰው መሆን በቂ ነው። ሌሊት ከማይናገር ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለማደር ግን በየትኛውም ማዕከል በቂ አይደለም፤ ይህን ማለትም በጎነትን መጠራጠር አይደለም። በሟቿ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሆነ «ፍቅር» የተባለው የወላጆች ማኅበር ለዓመታት የደከሙት ልጆቹ ከተደበቁበት ጓዳ እንዲወጡ ነው። ከጓዳ አውጥተን የማናውቀው ሰው እጅ ላይ ብንጥላቸው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 በአእምሮ ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት የድርጊቱን ምንነት መረዳት ወይም መከላከል በማትችል ሴት ላይ፣ እንዲሁም በማዕከል ውስጥ በምትገኝና በአድራጊው ኃላፊነት ሥር ባለች ሴት ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 20 ዓመት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ዘግናኙ ክፍተት ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንቀጽ 123 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን ከአንዳንድ መብቶች እንዲሽር ይፈቅዳል። ከእነዚህ አንዱ በሰነድ ላይ ዋስ የመሆን መብት ነው። ሌላው ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሙያ የመሥራት መብት ነው። ልብ በሉ፤ «ፈቃድ የሚያስፈልገውን»። የአዳሪ ማዕከል ተንከባካቢነት በአገራችን የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥራ ስላልሆነ ፍርድ ቤቱ የሚነጥቀው ፈቃድ የለም። ሰውዬው ለጎረቤቱ ልጅ ተያዥ እንዳይሆን ይከለከል ይሆናል፤ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን ተንከባካቢ ሆኖ ከመቀጠር የሚያግደው ነገር አይታየኝም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ በገለልተኛ አካል እንዲታይ ያዝዛል። ደቡብ አፍሪካ ይህን ችላ ማለት የሚያስከፍለውን አይታለች። ጆሃንስበርግ የምትገኝበት የጋውቴንግ ክፍለ ሀገር መንግሥት ከላይፍ ኤሲዲሜኒ ተቋማት ያስወጣቸውን የአእምሮ ሕሙማንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሕጋዊ ፈቃድ ለሌላቸው ማዕከላት አከፋፍሎ 144 ሰዎች ሞተዋል።

«በዚህ ደመወዝ ማን ይመጣል ብለህ ነው የምታማርጠው?» የሚል አስተዳዳሪ እንዳለ አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው። ሠራተኛው ይፈልሳል፣ የቀረችው ደግሞ ሌት ተቀን ትሠራለች፣ የደከመ ሰውም እጁ ይፈጥናል። ያለ ደመወዝ ማሻሻያ የሚመጣ ለውጥ ግማሽ ነው። ብር የማይጠይቀው ግማሽ ግን ሳይነካ ተቀምጧል። ሥራ ልምዱን ለጻፈው ድርጅት ስልክ መደወል ስንት ያስወጣል? ያውም በደብዳቤው ራስጌ ላይ ባለው የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር እንጂ አመልካቹ በሰጠው ሞባይል አይደለም፤ «ሰውዬውን መልሰህ ትቀጥረዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ አዲሱን ሰው ለብቻው ሌሊት አለማሰማራት፣ ገላ ሲያጥብ ነባር ሠራተኛ አብሮት እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። ስሙን እየቀያየረ ከከተማ ከተማ የሚዞረውን ደግሞ በአዋጅ 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ ከአሻራው ጋር ያስረዋል፤ ቀጣሪው ከጠየቀ።

ተያዡም ይቅር አልልም። አገር በቀል ነው፣ ሰው ያፍርበታል፣ ይፈራዋል። ጥያቄው ይለወጥ ነው የምለው። ተያዥ የሚሆነው ሰው ከብሩ ሌላ ተቀጣሪውን ስንት ዓመት እንደሚያውቀው፣ ከሕፃን ወይም ከታማሚ ጋር ሲውል አይቶት እንደሆነ፣ የገዛ ልጁን ትቶለት ያድር እንደሆነ በራሱ እጅ ጽፎ ይፈርም። የብር ዋስትና ያለ ማመንታት የሚፈርም አጎት እዚህ ጥያቄ ላይ ብዕሩን ቢያቆም ለቀጣሪው በቂ መልስ ነው።

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና የየክልሉ ቢሮዎች ተንከባካቢነትን በፈቃድ የሚሠራ ሙያ ያድርጉት፤ ያኔ አንቀጽ 123 የሚነጥቀው ነገር ያገኛል። ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን ማዕከል ያስገባችሁ ቤተሰቦች ደግሞ በሚቀጥለው ጥየቃ ቀን ከብርቱካንና ከዳቦው ጋር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ ከእሱ ጋር የሚያድረው ማነው፣ ሲቀጠርስ ለማን ደወላችሁ? በሉ።